ትልቅ የቤንዚን ሞዴል አውሮፕላን ምን ዓይነት ባትሪ ይፈልጋል?

በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በእጅ የሚወረወረውን ትንሹን ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን 100 ሲሲ የቤንዚን ሞተር የተገጠመላቸው፣ ክንፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2.5 ሜትር የሚበልጥ፣ ክብደታቸው ከ10 ኪሎ በላይ የሆነ ሞዴሎችን የሚያበሩ ሰዎች አሉ። ሞተሩ የትንሽ ሞተር ሳይክል ሞተር ያህላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከቁጥጥር ውጪ ሆኖ ሰው ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያቅትም።

የሚያስገርመው፣ አውሮፕላኑን የሚገፋው ቤንዚን ቢሆንም የሚመራው በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ባትሪ ነው። ባትሪው ለሪሲቨሩ፣ ማለትም ከሪሞቱ የሚመጣውን ሲግናል ለሚቀበለው መሣሪያ፣ ኃይል ይሰጣል። ክንፉና ጭራው ላይ ያሉትን መሪዎች የሚያንቀሳቅሱት ሰርቮ የሚባሉ ትንንሽ ሞተሮችም ከዚያው ነው የሚጠጡት።

ታዲያ ባትሪው አየር ላይ እያለ ቢሞትስ? ሞተሩ የሚጠፋ መስሏችሁ ከሆነ፣ አይጠፋም። ካንዴላውን የሚያቀጣጥለው ክፍል ብዙ ጊዜ የራሱ ባትሪ አለው። ለካርቡሬተሩ አየር የሚከፍተው ሰርቮ መጨረሻ የነበረበት ቦታ ላይ ደርቆ ይቀራል። ሲግናል ሲቋረጥ ሞተሩን ዝቅ እንዲያደርግ ሪሲቨሩን አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል፤ ትእዛዙን የሚፈጽመው ግን ኃይል ሲኖረው ብቻ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ መሪ ሳይኖረው ሞተሩ በነበረበት ጉልበት እየገፋው ይበራል።

አዲስ ገዢዎች ባትሪ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት ላዩ ላይ የተጻፈውን የሚሊአምፒር-ሰዓት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የሮቶውን ትልቅነት ይነግረናል፤ የቧንቧውን ስፋት ግን አይነግረንም። እዚህ ደግሞ ወሳኙ ቧንቧው ነው።

ቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አይታችሁ ይሆናል። ምጣዱ ብዙ ከረንት ስለሚስብ፣ ከረንቱ በመስመሩ ሽቦ ሲያልፍ የተወሰነው ቮልቴጅ እዚያው ሽቦ ላይ ይቀራል፤ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ይቀንሳል። ባትሪም ውስጡ እንደዚህ ያለ ሬዚስታንስ አለው። አብራሪው አውሮፕላኑን በኃይል ሲያዞር 8 ሰርቮዎች አንድ ላይ ይታገላሉ፤ ለቅጽበት 10 አምፒርና ከዚያም በላይ ሊስቡ ይችላሉ።

እስቲ እናስላው። የቆየው ምርጫ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው፦ አምስት ሴል፣ በድምሩ 6 ቮልት። የእያንዳንዱ ሴል ሬዚስታንስ 0.03 ኦም ቢሆን የአምስቱ 0.15 ኦም ይሆናል። ይህ በ10 አምፒር ሲባዛ 1.5 ቮልት ጠፋ ማለት ነው። በዚህ ላይ ሽቦው አለ። ተራው የሰርቮ ሽቦ ደርሶ መልስ 60 ሳንቲሜትር ቢሆን 0.03 ኦም ገደማ ስላለው ሌላ 0.3 ቮልት ይበላል። 4.2 ቮልት ቀረን። ሴሎቹ አርጅተው ሬዚስታንሳቸው እጥፍ ቢሆንስ? 2.7! ብዙ ሪሲቨሮች ደግሞ 3.5 ቮልት አካባቢ ሲደርሱ ሥራ ያቆማሉ። ቮልቴጁ ወዲያው ቢመለስ እንኳ ሪሲቨሩ እንደ ኮምፒውተር እንደገና መነሳት አለበት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በ2 ሰከንድ ውስጥ 55 ሜትር ያህል ይሄዳል። ባትሪው ግን አላለቀም፤ መሬት ላይ ብትለኩት ሙሉ ነው። ለዚህ ነው ከአደጋ በኋላ «ባትሪው ደህና ነበር» የሚባለው።

እኔ የምመርጠው ሊቲየም አይረን ፎስፌትን ነው። የዚህን ባትሪ ኬሚስትሪ ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቹ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሠርተው በ1997 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ጉድኢናፍ በ2019 በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው ኖቤል ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር። ሞዴል አብራሪዎች ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ሴሎቹን ያገኙ የነበረው ከመሰርሰሪያ ማሽን ባትሪ ውስጥ እየፈለቀቁ ነው! ኤ123 የተባለው ኩባንያ የሠራው፣ 2300 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሚይዘው ሴል የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.01 ኦም ገደማ ነው። ሁለቱ ሲቀጠሉ 6.6 ቮልት ይሰጣሉ፤ 10 አምፒር ሲሳብባቸው ባትሪው ውስጥ የሚጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ ነው። በዚያ ላይ በቀላሉ አይነድም፤ ፎስፌቱ ኦክስጅኑን አጥብቆ ይይዘዋል።

በስልካችን ውስጥ ያለው ዓይነት ሊቲየምም ይሠራል። ሁለት ሴሉ ሲሞላ ግን 8.4 ቮልት ስለሚደርስ፣ ለ6 ቮልት የተሠሩ ሰርቮዎችን እንዳያቃጥል ሬጉሌተር መሃል መግባት አለበት። ሬጉሌተር ደግሞ ይሞቃል፣ ሊበላሽም ይችላል። ፎስፌቱ ያለ ሬጉሌተር ይሄዳል፤ ሲሞላ ለጊዜው 7.2 ቮልት ስለሚሆን ግን ሰርቮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

አንድ አስቸጋሪ ጠባይ ግን አለው፦ ቮልቴጁ እስከ መጨረሻው ድረስ ብዙም ሳይወርድ ይቆይና በድንገት ይወድቃል። ስለዚህ ቮልቴጅ ለክቶ «ግማሽ ቀርቶታል» ማለት አይቻልም። ያለው ዘዴ ቻርጀሩ መልሶ የሞላውን መቁጠር ነው። በአማካይ 1.5 አምፒር እየሳቡ 10 ደቂቃ መብረር 250 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይፈጃል፤ ከ2300ው 60 በመቶውን ብቻ እንጠቀም ብንል አምስት በረራ ነው። ቻርጀሩም ለዚህ ዓይነት ባትሪ መስተካከል አለበት፤ በስልኩ ዓይነት ከሞላችሁት ከልክ በላይ ሞልቶ ይጎዳል።

ሽቦውንና ሶኬቱን አትናቁ። የተለመደው የሰርቮ ሶኬት ያለማቋረጥ መሸከም የሚችለው 3 አምፒር አካባቢ ነው፤ ምርጥ ባትሪ በዚያች ቀዳዳ በኩል ብቻ ከገባ ምን ዋጋ አለው? ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያና ሁለት መግቢያ የሚያደርጉት። አንዱ ቢበጠስ ሌላው አውሮፕላኑን ያሳርፋል። መበጠስ ደግሞ ሩቅ ነገር አይደለም፤ የቤንዚን ሞተር ንዝረት ብየዳን ቀስ በቀስ ይሰነጥቃል፣ ስለዚህ ባትሪው በስፖንጅ ይጠቀለላል። ክብደቱም ቢሆን ሥራ አለው፦ ጭራው ከከበደ እርሳስ ከመጨመር ባትሪውን ወደ አፍንጫው ማስጠጋት ይሻላል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ አንድ ሰው የሪሞቱን ዘንጎች ሁሉ በአንዴ እያማሰለ ሌላው መሪዎቹን በእጁ ቀስ አድርጎ እየተጫነ ሪሲቨሩ ጋ ያለውን ቮልቴጅ ይለካ። ተራ መለኪያ ፈጣን ዝቅታዎችን ስለሚያመልጠው ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ቢሆን ይመረጣል። ከ5 ቮልት በታች ከወረደ እኔ ብሆን ያን ቀን አላበርም፤ ችግሩ ከባትሪው፣ ከሶኬቱ ወይስ ከማብሪያ ማጥፊያው እንደሆነ አንድ በአንድ እየቀየርኩ እፈልጋለሁ።