«አምስት ደቂቃ ብቻ»፦ ካሜራ፣ ድንኳንና ሁለት ልጆች በባሌ ተራሮች

ፎቶ የሚያነሳ ሰው የሚሳሳላቸው ሁለት ሰዓታት አሉ፤ ፀሐይ ልትወጣ ስትልና ልትጠልቅ ስትል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤት ደግሞ እናት አብዝታ የምትፈለግባቸው ሁለት ሰዓታት አሉት፤ ጠዋት ሲነቁና ማታ ሲተኙ። እነዚህ ሰዓታት አንድ መሆናቸው የገባኝ ባለፈው የትምህርት ቤት እረፍት ነው። ዲንሾ ላይ ከድንኳኑ ውጪ ካሜራዬን ደግኜ ቆሜ፣ የሦስት ዓመቱ ልጄ ከውስጥ «ማሚ! ሽንቴ መጣ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ባለቤቴ መኪና ከያዘ መንገድ እንዲያልቅበት የማይፈልግ ሰው ነው። እኔ ለመሥሪያ ቤቴ ማስታወቂያ ብዬ የጀመርኩት ፎቶ ሱስ ሆኖብኛል። ልጆቹ ድንኳን ይወዳሉ፤ ሳሎን ውስጥም ቢሆን። ታዲያ ሦስቱን ለምን አንድ ላይ አናደርጋቸውም አልንና አማቴ አሮጌ ቪታራቸውን አዋሱን፤ በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ አድርገን ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ ገባን። ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በቆጂ የደራርቱና የቀነኒሳ አገር መሆኑን የሰማችው የሰባት ዓመቷ ልጄ ወርጄ ካልሮጥኩ ብላ ግማሽ ሰዓት ወሰደችብን።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጽሕፈት ቤቱ ዲንሾ ነው፤ መግቢያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚ የሚያዘውም እዚያው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሁኔታ ብትጠይቁ ጥሩ ነው።

ስለ ብርዱ ልንገራችሁ። ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋ ሌሊት ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል። ለቤተሰብ ፎቶ ብዬ ለአራታችንም አንድ ዓይነት ቀይ ሹራብ ገዝቼ ነበር (የሥራ ጠባይ ነው፣ አትፍረዱብኝ)። ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ሹራቡ ከጋቢ ሥር ገብቶ ሲቀር አንድም ፎቶ ላይ አልታየም። የካሜራ ባትሪም በብርድ ቶሎ ስለሚዳከም ከልጆቹ ካልሲ ጋር አብሮኝ ያድር ነበር። ውሃ እዚያ ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ፓስታው አልበስል ብሎ ሁለት ቡታ ጋዝ ጨረሰብን። ከዚያ በኋላ ያዳነን እናቴ የቋጠረችልን ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ፍርፍር ለድንኳን የተፈጠረ ምግብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሁለት ኪሎ ሩዝ በጨርቅ ከረጢት ሰፍቼ ይዤ ነበር፤ በመኪናው መስኮት ላይ ሌንስ ለማሳረፍ ከዚያ የተሻለ ነገር የለም። በመጨረሻው ቀን ተበላ።

ሁለት ሌሊት ዲንሾ አድረን በሦስተኛው ቀን በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ ወጣን። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ለምጃለሁ ብሎ ይዘናጋል። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ስትሆን ሳነቴ ግን 4,000 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ይደርሳል። ጅብራው በጉም መሐል እንደ ሰው ቆሟል፤ ከድንጋዩ ሥር ፍልፈል ብቅ ጥልቅ ይላል። ፍልፈል ካለ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ሩቅ አይሆንም፤ ዋና ምግቡ ነውና። ይህ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም የትም የለም። ለመራባት የደረሱት 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት ባሌ ነው። (ውሻ ያላችሁ ውሻችሁን ቤት ተዉት። ከውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል።)

ሞተር አጥፍተን ጠበቅን። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ቀበሮ ከመኪናው ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ አድፍጦ ወደ አንድ ጉድጓድ ማየት ጀመረ። ዓይኔ ሌንሱ ላይ ነው። ከኋላ ታናሹ ሲነጫነጭ ይሰማኛል። ቁርሱን እምቢ ብሎ ነበር፤ ቀልብ አልሰጠሁትም። ከዚያ አስመለሰው።

«እንውረድ» አለ ባለቤቴ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ» አልኩ።

ምንም አልመለሰልኝም፤ ሞተሩን አስነሳ። ቀበሮው ዘሎ ሄደ። እስከ ጎባ ድረስ አልተነጋገርንም። እኔ ልጄን አቅፌ ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነበር። ትንሽ ልጅ ራሴን አመመኝ ብሎ አይነግራችሁም፤ መነጫነጭ፣ ምግብ መጥላት፣ ማስመለስ ነው ምልክቱ፤ ፍቱን መድኃኒቱም ቶሎ ወደ ታች መውረድ ነው። ይህን ከመነሳታችን በፊት አንብቤው ነበር። ጎባ ስንደርስ ልጁ ዳቦ ጠየቀ፤ እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ማታ ድንኳን ውስጥ፣ ትልቋ እንድትጫወትበት የሰጠኋትን ትንሽ ካሜራ ከፍቼ አየሁ። 114 ፎቶ። ጅብራ አለ፣ የአባቷ ጫማ አለ፣ የደበዘዘ ፍልፈል አለ። የቀረው በአብዛኛው የእኔ ጀርባ ነው። አንዱ ላይ ወንድሟ አፉን ይዞ ወደ እኔ ያያል፤ እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬያለሁ።

ያን ምሽት ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ተስማማን። ከየጉዞው አንድ ንጋት የእኔ ይሆናል፤ ሻይ የሚያፈላውም ልጆቹን የሚያለብሰውም እሱ ነው። በቀሩት ቀናት ካሜራው ከመኪናው የሚወጣው ልጆቹ ከበሉ በኋላ ነው። «እንውረድ» ከተባለ ደግሞ ክርክር የለም።

በመጨረሻው ቀን የእኔ ንጋት ደረሰ። ከድንኳኑ ስወጣ ትልቋ ጋቢዋን እየጎተተች ተከተለችኝ። ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘኖች ውርጭ በያዘ ሣር መሐል ቆመው ትንፋሻቸው ይጨሳል። እሷ አሥራ አራት ቆጠረች፤ እኔ አሥራ ሁለት። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።