የ1974ቱ ፖሊሲ አልሞተም

በመድን ድርጅት የካሳ ጥያቄ (ክሌም) ክፍል የምንሠራ ሰዎች፣ ደንበኛው ካላነሣብን እኛ የማናነሣው ጉዳይ አለ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለንግድ ቤቶች የተሸጠ የኃላፊነት መድን፣ ዓረቦኑ መከፈል ካቆመ አርባና ሃምሳ ዓመት ቢያልፈውም፣ ዛሬ ገንዘብ ሊያስከፍል ይችላል። መድን ድርጅቶቹ ይህን ስለሚያውቁ ለአሮጌ የብክለት ዕዳ መጠባበቂያ ይይዛሉ። የማያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃውን የገዛው ሰው ነው፤ ከነዚህ ገዢዎች መካከል ደግሞ የአገራችን ሰዎችም አሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ሊሸጡ ወይም ሊበደሩ ሲሉ ነው። ባንኩ አፈሩ ይመርመር ይላል። ድሮ ድራይ ክሊነር ከነበረው ክፍል ወለል ሥር ሲሰረሰር «ፐርክ» ይገኛል። ፐርክ ልብስ ያለ ውኃ የሚታጠብበት ኬሚካል ነው፤ ከውኃ ስለሚከብድ በሲሚንቶው ስንጥቅና በፍሳሽ ቧንቧው መገጣጠሚያ አልፎ ወደ ከርሰ ምድር ውኃው ይሰምጣል። ቀጥሎ የክፍለ ግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይደርስዎታል። «እኔ አልደፋሁትም» ማለት አያድንም፤ በ1980 የወጣው የሱፐርፈንድ ሕግ የዛሬውን ባለቤት በትናንቱ ብክለት ይጠይቃል። በ2002 የተደረገው ማሻሻያ ከመግዛቱ በፊት በደንቡ ላስመረመረ ሰው መከላከያ ሰጥቷል፤ ላላስመረመረ ግን የለም። ቤንዚን ለብቻው ነው፣ ከሱፐርፈንድ ውጭ ይታያል።

ሰውየው ደንግጦ የዛሬውን ፖሊሲውን ይዞ ይመጣል። እኛም ውድቅ እናደርግበታለን፤ በአብዛኛው ቦታ በሕጉ ትክክል ነን፣ ከ1986 ወዲህ የተሸጡት ውሎች ብክለትን ጠቅላላ ያገለሉ ናቸውና። ያ የእምቢታ ደብዳቤ ታዲያ «የ1974ቱን ፈልግ» አይልም። አብዛኛው ሰው እዚያ ላይ ያቆማል፣ ከኪሱ መክፈል ይጀምራል።

አሮጌዎቹ ፖሊሲዎች «ኦከረንስ» የሚባሉት ናቸው። የሚያዩት ጥያቄው የቀረበበትን ቀን ሳይሆን ጉዳቱ የደረሰበትን ጊዜ ነው። ፐርኩ በ1968 መንጠባጠብ ጀምሮ ውኃውን እየበከለ ከቀጠለ፣ በየዓመቱ የነበረው ፖሊሲ ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 ዲዲቲ ያመርት በነበረው በሞንትሮዝ ኬሚካል ጉዳይ የወሰነው ይህንኑ ነው። በ2012 ደግሞ በስትሪንግፌሎ የአሲድ ጉድጓዶች ጉዳይ የየዓመቱን የካሳ ጣሪያ እየደረቡ መጠየቅ እንደሚቻል ፈቀደ። እኛ ሠፈር ያ ቀን የደስታ ቀን አልነበረም።

በመካከሉ አንድ ግንብ አለ፤ የተገነባበትን መንገድ ቢሰሙ ይገርምዎታል። ከ1970 ጀምሮ በውሎቹ ላይ «ድንገተኛና ያልታሰበ ካልሆነ በቀር ብክለት አይሸፈንም» የሚል አንቀጽ ገባ። ኢንዱስትሪው አንቀጹን ለክፍለ ግዛት ተቆጣጣሪዎች ሲያቀርብ፣ ነባሩን ሽፋን ግልጽ ከማድረግ ያለፈ አይደለም ብሎ አስጸደቀ፤ ዋጋም አልቀነሰም። ክሱ ሲመጣ ግን «ቀስ ብሎ የተንጠባጠበ ሁሉ ውጭ ነው» አለ። የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 በሞርተን ኢንተርናሽናል ጉዳይ ይህን አልዋጥ አለው፤ ለተቆጣጣሪ የነገራችሁት እናንተን ያስራችኋል አለ። (ሞርተን ራሱ ግን ብክለቱ እየታወቀ የተፈጸመ ነው ተብሎ ተሸነፈ።) ብዙ ክፍለ ግዛቶች በአንጻሩ የመድን ድርጅቶቹን ንባብ ተቀብለዋል። ስለዚህ መሬቱ የት ነው የሚለው ከሁሉ ይቀድማል። ኢንዲያናን ይዩ፤ እዚያ በ1996 አንድ የነዳጅ ማደያ ባለቤት ጠቅላላ ማግለያ የሚባለውን አንቀጽ ሳይቀር ረትቷል፣ ፍርድ ቤቱ አንቀጹ ቤንዚንን በግልጽ አይጠቅስም ስላለ።

«ወረቀቱ ጠፍቷል» አይበሉ። ሙሉው ውል ባይገኝም ፍርድ ቤቶች ሌላ ማስረጃ ይቀበላሉ። አከራዮች ተከራዩን የመድን ምስክር ወረቀት ይጠይቁ ነበር፤ ባንኮችም እንዲሁ። የድሮ የኪራይ ፋይል፣ የተመነዘረ ቼክ፣ የሒሳብ ሠራተኛው መዝገብ፣ የብሮከሩ ካርቶን፣ የቆየ የክስ ዶሴ፤ ከአንዱ የፖሊሲ ቁጥር ይወጣል። ይህን ብቻ የሚያድኑ ባለሙያዎች አሉ፤ «የመድን አርኪዮሎጂስት» ይባላሉ፣ ቀልድ አይደለም። ፍለጋው ደግሞ በእርስዎ ፖሊሲ አይወሰን። ከእርስዎ በፊት ማሽኑን ያሠራ የነበረው ሰው ፖሊሲም አለ፤ እሱ ሲጠየቅ የሱ መድን ሊከፍል ይችላል።

«ያ ድርጅት ዛሬ የለም» የሚል መልስም አይቀበሉ። የኤትና የንብረትና የኃላፊነት መድን ሥራ በ1996 ወደ ትራቭለርስ ዞሯል። የድሮው ኢንሹራንስ ካምፓኒ ኦፍ ኖርዝ አሜሪካ በሲግና በኩል አልፎ ኤስ ከተባለው መድን ድርጅት ቤት ገባ፤ ኤስም በ2016 ቸብን ገዝቶ ስሙን ወሰደ። እውነት የከሰሩም አሉ፣ ሪላየንስ በ2001፣ ሆም በ2003፤ ለነዚያ የክፍለ ግዛቱ የዋስትና ፈንድ ይታያል።

አሁን የምንፈራውን ልንገርዎ። የ1974ቱ ፖሊሲ ጣሪያ 100,000 ዶላር ብቻ ሆኖ ሲያዩ ይስቁ ይሆናል። ነገር ግን በነዚያ ውሎች የመከላከያው ወጪ ከጣሪያው ውጭ ነው። ጠበቃውም፣ ብዙ ጊዜም ለመከላከያ የሚያስፈልገው የአፈርና የውኃ ምርመራ፣ ካሳው ሳይነካ ይከፈላል። ጥንቃቄ ግን አለው፦ በካሊፎርኒያ ከ1998 ወዲህ የመንግሥት ትእዛዝ ብቻውን እንደ ክስ አይቆጠርም። ሌላው መሸሻችን «የራስህን መሬት አንሸፍንም» የሚለው አንቀጽ ነው። ለዚህ መልሱ የከርሰ ምድር ውኃው ነው፤ በብዙ ቦታ የእርስዎ ንብረት አይደለም፣ የጎረቤትም መሬት እንዲሁ። ለእኛ የሚጽፉት የማሳወቂያ ደብዳቤ ውኃውን ካልጠቀሰ ግን ለእኛ በር ከፍተውልናል።

በመጨረሻ ስምምነት ስናቀርብ ብዙ ጊዜ ፖሊሲውን በሙሉ መልሰን መግዛት እንፈልጋለን። በዚያ ቦታ ላለው ብክለት ብቻ ይፈርሙ፤ ነገ ሌላ ነገር ቢወጣ ፖሊሲው ያስፈልግዎታል።

ከሁሉ በላይ ግን ሳያሳውቁን አይክፈሉ። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ከማሳወቅዎ በፊት ያወጡት ገንዘብ «በፈቃድህ ከፈልክ» ተብሎ ይቀራል። ቆፋሪውን ከመጥራትዎ በፊት ለተገኘው መድን ሰጪ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት፣ በባለመድኖች ወገን በሚቆም ጠበቃ በኩል ያሳውቁ። ደብዳቤውም ደረሰኝ ባለው ፖስታ ይሂድ።