ከቀብድ በፊት መዝገብ፦ በከተማ ዳር ቤት ለሚገዙ

በየካቲት 2011 ዓ.ም ለገጣፎ ለገዳዲ ላይ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ብዙ ነዋሪዎች ግብር ስንከፍል ኖረናል፣ መብራትና ውሃም ገብቶልናል ብለው አቤት ብለዋል። ከዚያ በፊት በ2008 ዓ.ም ሀና ማርያም አካባቢ፣ ከዚያ በኋላም በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ ሲዋቀር ያው ለቅሶ ተሰምቷል። ከፈረሰባቸው መካከል የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ከፍለው የገዙ ነበሩ። ለገዢ የሚያስተምረው መራራ እውነት ይህ ነው፦ የግብር ደረሰኝም ሆነ የመብራት ቆጣሪ የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም።

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታን የመንግሥት አድርጓል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ገዢ ገንዘቡን የሚያወጣው ለቤቱና በቦታው ለመጠቀም መብት ነው። ያ መብት በመዝገብ ካልሰፈረ፣ ግንቡ የቱንም ያህል ቢያምር ባለቤቱን አያድነውም። ከአርሶ አደር በመንደር ውል የተገዛ ቦታ አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ደላላ «ካርታው በሂደት ላይ ነው» ሲል ሂደቱ የት እንደደረሰ መጠየቅ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታዎችን ስታስተናግድ ቤቱ በ1988 ወይም በ1997 ዓ.ም የአየር ካርታ ላይ መታየቱን ታያለች። ከዚያ ወዲህ ያለ ፈቃድ የበቀለ ጨረቃ ቤት የሚገዛ ሰው ተስፋ እየገዛ ነው። ካርታ ካለ ደግሞ ዋናውን ይዞ ወደ ክፍለ ከተማው መሄድ፣ ፋይሉ ውስጥ እግድ፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ክርክር አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ካርታው ላይ የሰፈረውን ካሬ ሜትርም በሜትር ለክቶ ከአጥሩ ጋር ማስተያየት ነው፤ ትርፍ ቦታ ይዞ የታጠረ ግቢ ነገ ጣጣው ለገዢው ነው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። የውርስ ቤት ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይታወቁ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው አለመሻሩንና ወካዩ በሕይወት መኖሩን ማጣራት ግድ ነው፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ይቀራል። ይህ በተለይ መሸጥ የተከለከለበት አምስት ዓመት ሳይሞላ በውክልና ለሚሻሻጡ የኮንዶሚኒየም ቤቶች፣ እንዲሁም ውጭ አገር ሆነው በዘመድ በኩል ለሚገዙ ወገኖች ትልቅ ወጥመድ ነው።

ቀብድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ነገር ግን የሕጉ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ምስክር ፈርሞበት የቀረ ወረቀት ከተካደ፣ እጥፉን መጠየቅ ቀርቶ ዋናውን ለማስመለስም ፍርድ ቤት ያመላልሳል። ከፍ ያለ ገንዘብ መውጣት ያለበት ፋይሉ ከተጣራና ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ከጸደቀ በኋላ ነው።

ወረቀቱ ቢጠራም ቤቱ ራሱ ይታይ። በአቃቂና በቦሌ ወገን የሚበዛው ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱንም አብሮ ያነቃንቃል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ምልክቱ ነው፤ አዲስ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ መመርመር ያሻል። እዚያ አፈር ላይ የሚኖር ባለቤት ከሁሉ በፊት የጣራውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስቦ ከመሠረቱ ያርቅ።

ይሁንና ሸክሙ ሁሉ በገዢ ትከሻ ላይ መውደቁ ፍትሕ አይደለም። ቤት ሲሠራ ዝም ያለ፣ ግብር የተቀበለና ቆጣሪ ያስገባ አስተዳደር ከዓመታት በኋላ ግሬደር ይዞ ሲመጣ የራሱንም ጥፋት እያፈረሰ ነው። በአዋጅ ቁጥር 818/2006 የተጀመረው የይዞታ ምዝገባ ተጠናቆ ማንኛውም ገዢ ሊገዛው ያሰበውን ቤት መዝገብ በቀላሉ ማየት ሲችል፣ የደላላ ቃል ዋጋ ያጣል። እስከዚያው ግን መዝገቡን ሊያሳይ ለማይፈልግ ሻጭ አንድ ብር ቀብድ እንኳ አይሰጥም።