አልጋው ሲወጣ አጎበሩም ይውጣ

ሳጃና የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የካርቱም ሙቀት ሲበረታ አልጋ ከክፍል ወደ ግቢ ይወጣል። ሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጦርነት ብዙዎችን ከሰፈሩ ቢያፈናቅልም ልማዱ እስከ መጠለያው አብሮ ይከተላል። የወባ ትንኝ ደግሞ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

ቤታችሁ ኬሚካል ከተረጨ መልካም ነው። ትንኟ ደም ከመጠጠች በኋላ ግድግዳ ላይ ስታርፍ መድኃኒቱ ይገድላታል። ስለዚህ ግድግዳውን አትጠቡት፤ ጭቃም ሆነ ቀለም አትቀቡት። ውጭ ለሚተኛ ሰው ግን የተረጨው ግድግዳ አይደርስለትም። በሱዳንም በኢትዮጵያም ዋናዋ ወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ከቤት ውጭም ትነክሳለች።

በመሆኑም በኬሚካል የተነከረውን አጎበር ይዛችሁ ውጡ። በአራት እንጨት ወጥሩት፤ ጫፉን ከፍራሹ ሥር አስገቡ። አጎበሩ ካልበቃ ቅድሚያ ለነፍሰ ጡሮችና ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስጡ። ሲቀደድ ስፉት፤ ሲታጠብ ጥላ ላይ አስጡት።

በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ «አጎበር አላችሁ?» ብቻ አትበሉ፤ «ትናንት ማታ የት ተኛችሁ?» ብላችሁም ጠይቁ። ትኩሳት ያለበት ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ደርሶ ይመርመር።