ቲፎዞ እንዴት ይወለዳል?

ሰው ሠፈር ይለውጣል፤ ሥራ ይለውጣል፤ ከተማም ይለውጣል፤ ጫማና ኮቱንማ ተዉት። የሚደግፈውን የእግር ኳስ ቡድን ግን እንደዋዛ አይለውጥም። ቡድኑ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲሸነፍ «ከእንግዲህስ በቃኝ!» ብሎ ይምላል። በሚቀጥለው ጨዋታ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ራሱ ነው። ለመሆኑ ይህን ቡድን ማን መረጠለት? መቼስ መረጠው?

ጉዳዩ የማደሪያ ቤት ጨዋታ ይመስላል። እርግጥ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ማታ መኝታ ክፍሎቻችን ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያከራክር ነገር የለም። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠጋ ብለን ስናየው ከመምህርነት ሙያችን ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የምናውቀውን ያህል ልናብራራ እንሞክራለን።

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

«ቲፎዞ» የኢጣልያኖች ቃል ነው። «ማልያ»፣ «ሪጎሬ» እና «ካልቾ» በመጡበት መንገድ እሱም መጥቶ አማርኛ ሆነ። የቃሉ ሥር «ቲፎ» ሲሆን ትርጉሙ እኛ ተስቦ የምንለው በሽታ ነው። ተስቦ የያዘው ሰው ሰውነቱ ይግላል፤ ይቃዣል፤ የማይሆነውን ይናገራል። ኢጣልያኖች የኳስ ወዳጁን አይተው ይህን ስም ማውጣታቸው አያስገርምም። በተለይ ደርቢ ሲኖር ያየው ሰው ይመሰክራል!

ተስቦ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ ነው። ማንም ብቻውን ተቀምጦ አስቦ አይታመምም። ቲፎዞነትም እንዲሁ ነው። «የቱ ቡድን ይሻላል?» ብሎ ወረቀትና እርሳስ ይዞ፣ ነጥብ ደምሮ ቡድን የመረጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም። አብዛኞቻችን ከአንድ ሰው ተጋብቶብን ነው። ታዲያ ጥያቄው «ለምን መረጥህ?» ሳይሆን «ከማን ተጋባብህ?» ቢሆን ይሻላል።

መጋቢያ መንገዶቹ

አንደኛው መንገድ ቤት ነው። አባት፣ አጎት ወይም ታላቅ ወንድም የልጁን እጅ ይዞ ወደ ሜዳ ይወስደዋል፤ ወይም ከሬዲዮኑ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ልጁ በዚያን ጊዜ የሚወደው ኳሱን አይደለም፤ የወሰደውን ሰው ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኒክ ሆርንቢ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ ውስጥ የአርሴናል ደጋፊ የሆነው በ11 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ አባቱ ወደ ሜዳ ስለወሰደው መሆኑን ይተርካል። በዚያን ጊዜ ወላጆቹ ተለያይተው ነበር። አባትና ልጅ አብረው የሚሆኑበትን ነገር ሲፈልጉ ያገኙት እግር ኳስን ነው። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ አርሴናልን እንዴት ብሎ ይተው?

ሁለተኛው መንገድ ሠፈር ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፣ ብዙ ልጅ ከአባቱ ይልቅ አብሮት ጨርቅ ኳስ የሚያንከባልለውን ጓደኛውን ይከተላል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ታሪክ እንይ። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አራዳ አካባቢ ተመሠረተ። ስሙም የአራዳ ጊዮርጊስን ያስታውሳል። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው ውድድር የተሰለፉት ቡድኖች በከተማዋ የሚኖሩ የልዩ ልዩ ማኅበረሰቦች ቡድኖች ነበሩ፤ ፎርቲቱዶ የኢጣልያኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አራራት የአርመኖች፣ አንዱ ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚስዮን ቡድን። የኢትዮጵያውያኑ ቡድን ጊዮርጊስ ነበር። ዋንጫውን በዚያ ዓመት የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ቢሆንም፣ ያን ጊዜ ሜዳ ዙሪያ ለቆመ የአራዳ ልጅ ምርጫ ቀርቦለት ነበር ማለት ይቻላል? አይቻልም። ማን የእሱ እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

ሥራም እንደ ሠፈር ነው። ኢትዮጵያ ቡና በ1968 ዓ.ም. ሲመሠረት በቡና ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች ቡድን ነበር። ለረጅም ጊዜም «ቡና ገበያ» ይባል ነበር። ቡና ለቅሞ፣ አበጥሮ፣ ጭኖ የሚያድር ቤተሰብ ልጅ ቡናማውንና ቢጫውን ማልያ ሲያይ የእናቱን ወይም የአባቱን እንጀራ ያያል። የጦር ሠራዊቱ መቻል፣ የመብራት ኃይል፣ የባንክና የመድን ቡድኖችም ከየመሥሪያ ቤታቸው የበቀሉ ናቸው።

ሦስተኛው መንገድ ድል ነው፤ ያውም በትክክለኛው ዕድሜ ላይ የመጣ ድል። ይህን በሚመለከት አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ሴት ስቲቨንስ-ዴቪዶዊትዝ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ አስገራሚ ነገር አሳይቷል። ያጠናው ስለ ቤዝቦል ደጋፊዎች ነው። በፌስቡክ የሚደግፉትን ቡድን ያሳወቁ ወንዶችን የልደት ዘመን ሲመለከት፣ አንድ ቡድን ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት ስምንት ዓመት ገደማ የነበሩ ልጆች ካደጉ በኋላም የዚያ ቡድን ደጋፊ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ከሌሎቹ የበለጠ ሆኖ አገኘው። የኒው ዮርኩ ሜትስ ዋንጫ የወሰደው በ1969 እና በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በ1962 እና በ1978 የተወለዱት ወንዶች ከሌሎቹ ይልቅ የሜትስ ደጋፊዎች ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ነበሩ።

ይህ ጥናት የተሠራው በሌላ አገርና በሌላ ስፖርት ላይ ነው። ሆኖም የእኛን አገር ነገር ለማሰብ ይረዳል። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በዲሽ በየሻይ ቤቱ መታየት ሲጀምር ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት ዋንጫ ያነሣውን ማንቸስተር ዩናይትድን፣ ወይም በ2003/04 ሠላሳ ስምንት ጨዋታ ተጫውቶ አንድም ሳይሸነፍ ሻምፒዮን የሆነውን አርሴናልን የሚደግፈው ብዙ ነው። አርሴናል ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሊጉን ዋንጫ ሳያይ ቆየ። ደጋፊው ግን አልሄደም። በጮርናቄና በሻይ ሒሳብ በሩ ላይ ቆሞ ያየው ልጅ፣ ለንደንን በካርታ ላይ እንኳ ሳያውቅ «የእኛ» ያለው ቡድን «የእኛ» ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ለምን አይለቅም?

በድል የመጣ በሽንፈት ለምን አይሄድም? ይህን ለመረዳት «እኛ» የምትለዋን ትንሽ ቃል መመርመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 የሥነ ልቡና ምሁሩ ሮበርት ሲያልዲኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያደረጉት ጥናት ታዋቂ ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ቅዳሜ ካሸነፈ፣ ሰኞ ዕለት የዩኒቨርሲቲውን ስም ወይም ምልክት የያዘ ልብስ ለብሶ ክፍል የሚገባው ተማሪ ይበዛል። ስለ ጨዋታው ሲጠየቁም ስለ ድሉ ሲናገሩ «እኛ» የሚለው ቃል ይበረክታል፤ ስለ ሽንፈቱ ሲናገሩ ግን ይቀንሳል። «አሸነፍን!» ይላል ተማሪው። ሲሸነፉ ደግሞ «ተሸነፉ» ብሎ እጁን ይታጠባል።

እንግዲህ በተራ ወዳጅና በዕድሜ ልክ ደጋፊ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የዕድሜ ልክ ደጋፊ «ተሸነፍን» ማለት የሚችል ሰው ነው። ቡድኑ የሚመለከተው ነገር መሆኑ ቀርቶ ከራሱ ጋር ተሰፍቷል። ቡድኑን ይተው ማለት አባቱን፣ የሠፈሩን ልጆች፣ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረውን ራሱን ይተው ማለት ነው። በደርግ ዘመን ክለቦች እንደገና ሲደራጁ የጊዮርጊስ ቡድን በቢራ ፋብሪካው ስም ይጫወት እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ። ስሙ ተለወጠ፤ ደጋፊው ግን በልቡ የያዘውን ስም አልለወጠም። በኋላም የቀድሞው ስም ሲመለስ ደጋፊው እዚያው ነበር።

ለአንድ ማልያ ታማኝ መሆን ደግሞ ሰፋ ላለው ነገር እንቅፋት መሆን የለበትም። ይድነቃቸው ተሰማ ለጊዮርጊስ 23 ዓመት የተጫወቱ ሰው ናቸው። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን (በዚያን ጊዜ አጠራር የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 የረታውን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የጊዮርጊስ ተጫዋች አልነበረም። በዚያን ዕለት ግን ስታዲየሙ ውስጥ የነበረው «እኛ» አንድ ብቻ ነበር። ይድነቃቸው በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መርተዋል።

«እኛ» ሲጠብና ሲሰፋ

ተስቦ ካልታከመ ይገድላል። ቲፎዞነትም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ እግር ኳሳችን ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየክልሉ ተስፋፋ። በ1996 ዓ.ም. ሐዋሳ ዋንጫውን ከአዲስ አበባ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደ። ጅማ አባ ጅፋር፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ፋሲል ከነማም በየተራቸው አነሡት። ይህ ደስ የሚል እድገት ነው። ነገር ግን ሠፈር የነበረው «እኛ» በአንዳንድ ቦታ ወደ ብሔር ተዛወረ። ከኳሱ ጋር ድንጋይ የተወረወረባቸው፣ ደጋፊ የተጎዳባቸው ጨዋታዎች ነበሩ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ዳኛ ሜዳ ላይ በመደብደቡ ሊጉ ለጊዜው እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ድንጋይ የወረወረው ወጣት አንድ ቀን የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥም፣ አንድ መምህር ፊት ተቀምጦ ነበር።

ግን ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሌቪንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡትን ጥናት እንመልከት። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችን ጠርተው መጀመሪያ ስለ ቡድናቸው አስጻፏቸው። ከዚያ በመንገድ ላይ ሲሄዱ አንድ ሯጭ ፊታቸው ወድቆ እግሩን ይዞ ሲያቃስት እንዲያዩ ተደረገ። የወደቀው የማንቸስተርን ማልያ ከለበሰ አብዛኞቹ ረዱት። የሊቨርፑልን ማልያ ወይም ተራ ካናቴራ ከለበሰ ግን አብዛኞቹ አልፈውት ሄዱ። በሁለተኛው ሙከራ ሌሎች የማንቸስተር ደጋፊዎች ስለ ቡድናቸው ሳይሆን በአጠቃላይ የእግር ኳስ ወዳጅ ስለመሆን እንዲጽፉ ተደረገ። በዚህን ጊዜ የሊቨርፑል ማልያ የለበሰውንም አብዛኞቹ አነሡት።

ሰዎቹ የአንድ ክለብ ደጋፊዎች ናቸው። የተለየው ነገር ቢኖር ከጥቂት ደቂቃ በፊት የቀረበላቸው ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄውን ያቀረበው ደግሞ መምህር መሰል ሰው ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

አንድ ልጅ በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ይገባል፤ በስምንት ዓመቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ነገ በየገጠሩና በየከተማው ተመድበን የምንረከባቸው ልጆች «እኛ» ማን እንደሆነ የሚወስኑት በእጃችን ላይ ሳሉ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከመውጣታችን በፊት ጥቂት ነገር ብናስብበት መልካም ይመስለናል።

በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ የማይለወጡ ሁለት ቡድኖች አናቁም። በየሳምንቱ እንቀላቅላቸው። የላይኛው ሠፈር ልጅ ዛሬ ያስጨነቀውን የታችኛው ሠፈር ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ኳስ ያቀብለው። ቡድኖቹን በቋንቋ፣ በሃይማኖት ወይም በመጡበት ቀበሌ ከፋፍሎ ማሰለፍማ ጨርሶ መታሰብ የለበትም።

«ቲቸር፣ የማን ደጋፊ ነህ?» ብለው እንደሚጠይቁን የታወቀ ነው። መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን በተቃራኒው ቡድን ደጋፊ ልጅ ላይ ክፍሉን ማሳቅ ለእኛ ቀልድ ነው፤ ለልጁ ግን ትምህርት ነው። የተማረውንም አይረሳም።

በሰኞ ጠዋት፣ ቡድናችን በተሸነፈ ማግሥት፣ ለአሸናፊው ደጋፊ ባልደረባችን በተማሪዎቹ ፊት «እንኳን ደስ ያላችሁ» እንበል። ይህች አንዲት ቃል ከአንድ የሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ የበለጠ ታስተምራለች።

ከዚህ በፊት ግን ልምምዱን እዚሁ ከማደሪያችን እንጀምር። ዕጩ መምህራንም መምህራኖቻችንም፣ በሚቀጥለው ደርቢ ማግሥት በምግብ አዳራሹ የሚሆነውን አብረን እናያለን!