ከነቦርጬ ወደ በረዶው

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በሚወስደው ኢንተርስቴት 70 ላይ፣ መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ እያዘገምን ሳለ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፣ ከአዲስ አበባ። ወዴት እንደምሄድ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣

«በረዶው ላይ ወጥተህ ምን ልትሠራ?» አለችኝ።

«በሊፍት እወጣለሁ፣ ከዚያ እየተንሸራተትኩ እወርዳለሁ።»

«መውረድህ ካልቀረ ማን ውጣ አለህ ልጄ?»

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። ግን ለምን እንደሄድኩና ምን እንደገጠመኝ ልንገራችሁ፤ እንደኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቆ እየዋለ «ድሮ እኮ ስፖርተኛ ነበርኩ» በማለት የሚጽናና ሀበሻ በየከተማው ሞልቷልና።

ስኪ የተማርኩት ቦልደር ውስጥ ማስተርሴን ስሠራ ነው። የዓመቱን ፓስ በተማሪ ቅናሽ አገኘሁ፤ የክፍል ጓደኞቼም ጎትተው ወሰዱኝ። የመጀመሪያውን ወር በቂጤ ነው የወረድኩት ብል ማጋነን አይሆንም። በሁለተኛው ዓመት ግን ሰማያዊ ምልክት ያላቸውን መካከለኛ ቁልቁለቶች ያለ ችግር እወርድ ነበር፤ ከባዶቹን ጥቁሮችም አልፎ አልፎ እደፍራቸው ነበር። ከዚያ በ2015 ቨርጂኒያ ሥራ አገኘሁ። ትዳር፣ ልጅ፣ የቤት ብድር፣ ሰርቨር ሲወድቅ በሌሊት የሚቀሰቅስ ስልክ፣ በመጨረሻም ኮቪድና ከቤት መሥራት። 71 ኪሎ የነበርኩት ሰውዬ 90 ገባሁ። መሥሪያ ቤቴ ወደ ዴንቨር ሲያዛውረኝ በረዶ ላይ ከቆምኩ 9 ዓመት አልፎኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ወደ ተራራው የመለሰኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም። በኅዳር ያደረግኩት የደም ምርመራ የሦስት ወር አማካይ ስኳሬ 6.1 በመቶ መሆኑን አሳየ። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ገና ስኳር በሽታ አይባልም፤ ደጃፉ ላይ መቆም ነው። አባቴ በዚሁ በሽታ የእግሩን ጣቶች አጥቷል። መብራት በጠፋ ማታ እናቴ ፋሻውን ስትቀይርለት ባትሪ ይዤ የማበራው እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ «ደስ የሚልህን እንቅስቃሴ ፈልግ፤ የማትወደውን አትቀጥልበትም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጂም ሦስቴ ተመዝግቤ ሦስቴም ከፍዬ ቀርቻለሁ። ደስ ይለኝ የነበረው ምን እንደሆነ ሳስብ በረዶው ትዝ አለኝ።

ባለቤቴ አልተዋጠላትም። «ጉልበትህ ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ? ሁለት ልጅ አለን፤ አገር ቤትም እጅህን የሚጠብቅ ሰው አለ።» ልክ ናት። በስኪ በብዛት ከሚደርሱት ከባድ ጉዳቶች አንዱ የጉልበት ፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ነው። ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ይከተላል፣ ከዚያም ወራት የሚፈጅ ማገገሚያ። ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሴ የሚወጣው ደግሞ የእናቴ የብዙ ወር የመድኃኒት ወጪ ነው። ቡና ላይ የነበሩት ጓደኞቻችን በበኩላቸው «ሀበሻና በረዶን ምን አገናኛቸው?» ብለው ሳቁ። ሮቤል ተክለማርያምን አነሳሁባቸው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል፤ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪያችን እሱ ነው። አንዱ ጓደኛዬ መልሱን አዘጋጅቶ ነበር የሚጠብቀኝ፦ «እሱ ቦርጭ የለውም።»

የድሮ ዕቃዬ ኦሮራ ያለ ወዳጄ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቡቱን አድርጌ መቆለፊያውን ስጫነው ተረከዙ ጋ ያለው ፕላስቲክ እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰነጠቀ። ለካ የስኪ ቡት ባይደረግም ያረጃል፤ ዕድሜና እርጥበት ፕላስቲኩን ከውስጥ ይበሉታል። ተራራው ላይ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ መሰበሩ ዕድለኝነት ነው። ስለዚህ ወደ ኪራይ ሱቅ።

ሱቁ የሚያስሞላው ፎርም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የታሪኩ ዋና ቦታ ለኔ እሱ ነው። ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ ከዚያ «ምን ዓይነት ስኪተኛ ነህ?» የሚል ጥያቄ፤ ከ1 እስከ 3። አንድ ማለት ጀማሪ ወይም ጥንቁቅ፣ ሦስት ማለት ፈጣንና ደፋር። ተራ መጠይቅ ይመስላል፤ አይደለም። ባይንዲንግ የሚባለው ማሰሪያ ቡቱን ከስኪው ጋር ያያይዛል፤ ስትወድቅ ደግሞ በተወሰነ ኃይል ሊለቅህ ይገባል። ያ ኃይል የሚሰላው ከነዚህ ቁጥሮችና ከቡቱ የሶል ርዝመት ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ እግርህ ሲጠመዘዝ ስኪው አይለቅህም፤ ከላላ ደግሞ በማያስፈልግ ሰዓት ይጥልሃል። በኛ ሙያ ቋንቋ፣ የተሳሳተ ግብዓት ካስገባህ ሲስተሙ በትክክል ሠርቶ የተሳሳተ ውጤት ይሰጥሃል።

እኔ ምን ጻፍኩ? ክብደት 76፤ መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለው ይኸው ነዋ፣ ከዓመታት በፊት ራሴ ያስመዘገብኩት። ዓይነት፦ 3። እጄ ነው የጻፈው ማለት ይቻላል። ማሰሪያውን የምታስተካክለው ወጣት ፎርሙን አየች፣ እኔን አየች፣ ቦርጬን ግን በጨዋነት አላየችም። «መጨረሻ ስኪ ያደረግከው መቼ ነው?» ስትለኝ «ቆየት ብሏል» አልኩ። «ስንት ይሆናል?» «9 ዓመት።» ምንም ሳትል አዲስ ፎርም ሰጠችኝ። 90 እና 1 ብዬ ስጽፍ የተሰማኝ እፍረት አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ከወሬ ወሬ ስንቶቻችን ነን «ደህና ነኝ» በሚል አሮጌ ቁጥር የምንኖረው? ለሐኪም እንኳ ስለ ጨው፣ ስለ ቢራ፣ ስለ እንቅልፍ ስንጠየቅ የምንሰጠው የመንጃ ፈቃዱን መልስ ነው።

የሄድነው ላቭላንድ ነው፤ አውራ ጎዳናው ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ከመግባቱ በፊት መንገድ ዳር ያለ ቦታ። የተራራው ግርጌ ራሱ 3,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከእንጦጦ ከፍ ይላል። «እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል» ብዬ ነበር። ሰውነት ግን ተወለድክበት ብሎ አያዝንልህም፤ ለዓመታት ዝቅ ያለ አገር ከኖርክ የለመድከውን ከፍታ ይረሳል። እዚያ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው በሲሶ ያህል ያንሳል። ቡቴን ለመቆለፍ ጎንበስ ብዬ ስነሳ ብቻ ልቤ ከበሮ መታ።

አረንጓዴው ላይ ሁለቴ ወረድኩ። እግሬ ያስታውሳል! ክብደቴን ወደ ውጪው እግር ማሳለፍ፣ ፊትን ወደ ቁልቁለቱ ማድረግ፣ ሁሉም ተመለሰ። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ የሚጀምረው። ጭንቅላት ሙሉውን ትምህርት ሲያስታውስ፣ ጡንቻ ግን የዛሬውን አቅም ብቻ ነው ያለው። «አንድ ሰማያዊ ብቻ» አልኩ።

መሀል ላይ ጭኖቼ መንደድ ጀመሩ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ። ስኪ ስትወርድ ጭንህ ሲሠራ የሚውለው ፍሬን ነው፤ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደትህን ይይዛል፣ የያዘው ደግሞ 90 ኪሎ ነው። ሲደክመኝ ሳላስበው ወደ ኋላ ተቀመጥኩ። ወደ ኋላ ተቀምጦ፣ ቂጥ ከጉልበት በታች ወርዶ፣ የታችኛው ስኪ ጅራት በረዶውን ሲነክስ ጉልበት ይጠመዘዛል፤ ጅማቱ ከሚበጠስባቸው የታወቁ መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ቀኝ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ሲዞር ተሰማኝ። ከዚያ «ቀጭ!» አለና ስኪው ለቀቀኝ።

በጀርባዬ ተኝቼ ሰማዩን እያየሁ የቆየሁት ሁለት ደቂቃ ይሆናል። መጀመሪያ የመጣልኝ ጉልበቴ አይደለም፤ ለባለቤቴ ምን እንደምላት ነው። ቀጥሎ የመጣልኝ ያ 3 ቁጥር። እሱን ይዤ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ስኪው ላይለቀኝ ይችል እንደነበር ሳስብ ብርዱ በአጥንቴ ገባ። ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፤ ደህና ነው። ተነስቼ በቀስታ፣ በየሃያ ሜትሩ እየቆምኩ ወረድኩና ለዚያ ቀን በቃኝ አልኩ። ሰዓቱ ገና ረፋድ 5 ነበር። ሰኞ ጠዋት የቤታችንን ደረጃ ዞሬ፣ ባቡሩን ይዤ፣ የኋሊት ነው የወረድኩት።

አሁን ምን እያደረግኩ ነው? በሳምንት ሦስት ቀን ከስብሰባ በፊት ግድግዳ ተደግፌ፣ ወንበር ያለ መስዬ እቀመጣለሁ፤ መጀመሪያ 25 ሰከንድ፣ አሁን አንድ ደቂቃ ተኩል። የቢሮውን ደረጃ በእግሬ እወጣለሁ፣ በተለይ ደግሞ በእግሬ እወርዳለሁ። የጀማሪ ትምህርትም ከፍዬ ተመዘገብኩ፤ ይህ ከግድግዳው ይልቅ ከብዶኝ ነበር። የ6 ዓመት ልጄን የልጆቹ ክፍል አስገብቻት ከሊፍቱ ሥር ስንገናኝ፣ ስኪዎቿን ፊታቸውን አግጥማ እያቆመች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አባዬ፣ ፒዛ! ፒዛ አድርግ!» ትለኛለች። ለልጆች ማቆሚያውን የሚያስተምሩት በዚህ ስም ነው። አደርጋለሁ። የግማሽ ቀን ቲኬት ነው የምገዛው፤ ጭኔ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አቆማለሁ።

ሚዛኑ 87 ይላል። የሚቀጥለው የደም ምርመራ በሚያዝያ ነው። ባለቤቴ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማችም፤ ቅዳሜ ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ ስታቀብለኝ ግን «ፎርሙ ላይ እውነቱን ጻፍ» ትለኛለች።