የደም ብዛት በሽታና የሁለት መድኃኒቶች ኅብረት

ከበሽታዎች መካከል አንዳንዶቹ መምጣታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ። ወባ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሱን የታመመ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል። ስለዚህ ወደ ሐኪም ለመሄድ አስታዋሽ አያሻውም። የደም ብዛት፥ በዛሬው አጠራር የደም ግፊት፥ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለም። ይህ በሽታ ለብዙ ዓመታት በሰውነት ውስጥ ተሸሽጎ ሲኖር ባለቤቱ ይበላል፤ ይጠጣል፤ ሥራውን ይሠራል፤ ብዙ ጊዜም ራስ ምታት እንኳ አይሰማውም። አንድ ቀን ግን ግማሽ አካሉ በድንገት ይሰንፋል፤ ወይም አንደበቱ ይተሳሰራል፤ ወይም ልቡ ይደክማል፤ ወይም ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል። ያን ጊዜ የበሽታው መኖር ይታወቃል፤ ነገር ግን ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ በሽታው ሁሉንም ለመዘርዘር አላሰብንም። ልንገልጸው የምንወደው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ብዙ ሕመምተኞችን ስለሚያሳስተው ስለ ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ሐኪሙ በአንዱ ኪኒን ላይ ሌላ ሲጨምር አንዳንዱ ሕመምተኛ «በሽታዬ ቢብስብኝ ነው» ብሎ ይደነግጣል። ሌላው «ሐኪሙ መድኃኒቱን ስላላወቀው ነው» ብሎ ይጠራጠራል። ሦስተኛውም «ይህ ሁሉ መድኃኒት ሆዴን ይጎዳዋል» በማለት ከሁለቱ አንዱን በገዛ ፈቃዱ መርጦ ሌላውን ይተዋል። እነዚህ ሦስቱም ተሳስተዋል። ስሕተታቸውም ዋጋ የሚያስከፍል ስለ ሆነ ምክንያቱን ከሥሩ መረዳት ይገባል።

የደም ብዛት ምንድር ነው?

ስሙ ደም በዝቷል የሚል ቢመስልም፥ በሽታው ልብ ደምን ስትረጭ በደም ቅዳ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ኀይል ከመጠን በላይ መሆኑ ነው። ኀይሉ በሁለት ቍጥር ይነገራል። የላይኛው ቍጥር ልብ ተኰማትራ ደም በምትረጭበት ጊዜ ያለው ነው፤ የታችኛውም ልብ በምታርፍበት ጊዜ ያለው ነው። በተለያዩ ሁለት ቀናት ተለክቶ በሁለቱም ቀን የላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፥ ወይም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው የደም ብዛት አለበት ይባላል።

ልኬቱ ትክክል እንዲሆን ተለኪው ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና መጠጣትና ትምባሆ ማጨስ የለበትም። ሽንቱን ሸንቶ፥ ጀርባውን አስደግፎ፥ እግሩን መሬት አስረግጦ፥ ክንዱንም በልቡ ትክክል አሳርፎ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ዳገት ወጥቶ እያለከለከ ወይም እየተነጋገረ የተለካ ሰው ቍጥሩ ያሳስተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. በሰጠው ግምት፥ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆነው ሰዎች መካከል 1 ቢሊዮን 280 ሚሊዮን የሚሆኑት ይህ በሽታ አለባቸው። ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም፤ ግፊታቸው በሚገባ የተገታላቸውም ከአምስት አንዱ ብቻ ናቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በዚህ በሽታ ግን ደባቂው ሕመምተኛው ሳይሆን በሽታው ራሱ ነው።

መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን

የመድኃኒቱን ጥቅም ለመረዳት መድኃኒት ያልነበረበትን ጊዜ ማሰብ ይበጃል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመጋቢት ወር 1944 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በልብ ሐኪም ሲመረመሩ ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኘ። በየካቲት 1945 በግብፅ ምድር በመራራው ሐይቅ ላይ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተገናኙትም ይህን በሽታ ተሸክመው ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቈይቶ፥ ሚያዝያ 12 ቀን 1945፥ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ዐረፉ። በዚያች ቀን ግፊታቸው ከ300 በ190 በላይ ደርሶ ነበር። የዓለም ታላቅ መንግሥት መሪ ሳሉ ሐኪሞቻቸው ሊሰጧቸው የቻሉት ዕረፍት፥ ጨው የተቀነሰበት ምግብ፥ ትምባሆ መቀነስና የልብ መድኃኒት ነበር። ግፊቱን በሚገባ የሚያወርድና ያለ ብዙ ችግር በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ገና አልተገኘምና።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1967 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተደረገ ምርመራ ውጤት ታተመ። የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የነበረ 143 ወንዶች በሁለት ተከፍለው ለ73ቱ መድኃኒት፥ ለ70ዎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ተሰጣቸው። መድኃኒት ካላገኙት መካከል 27ቱ ከባድ አደጋ ሲደርስባቸው ካገኙት መካከል አደጋ የደረሰባቸው 2 ብቻ ነበሩ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ለእነዚህ ሰዎች የተሰጣቸው አንድ መድኃኒት ሳይሆን ሦስት መድኃኒቶች በኅብረት ነበሩ። ስለዚህ መድኃኒቶችን ማስተባበር ዛሬ የመጣ ፈሊጥ አይደለም፤ የደም ብዛት ሕክምና ሰው ማዳኑ የተረጋገጠው ከመጀመሪያው በኅብረት ነው።

ኅብረቱ ለምን ያስፈልጋል?

የከተማ ውሃ በቧንቧ ሲሄድ ግፊቱ በሦስት ነገር ይወሰናል፤ በሚገፋው ሞተር ኀይል፥ በቧንቧው ስፋትና በውሃው ብዛት። በሰውነትም ልብ እንደ ሞተር፥ ደም ቅዳ እንደ ቧንቧ፥ ደምና በውስጡ ያለው ጨውና ውሃ እንደ ቧንቧው ውሃ ናቸው። መድኃኒቶቹም እንደዚሁ በየወገናቸው ይሠራሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ትርፍ ጨውንና ውሃን ያወጣል። አምሎዲፒን የደም ቅዳን ጡንቻ አላልቶ ቧንቧውን ያሰፋል። ኤናላፕሪልን የመሳሰሉት ደግሞ ደም ቅዳን የሚያጠብ አንጂዮቴንሲን የተባለ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዳይሠራ ይከለክላሉ።

ነገር ግን ሰውነት የለመደውን ግፊት በቀላሉ አይለቅም። አንዱ በር ሲዘጋበት በሌላው በር ይመለሳል። ሽንት በሚያሸናው መድኃኒት ውሃው የቀነሰ እንደ ሆነ ኩላሊት ሬኒን የተባለውን ንጥረ ነገር አብዝቶ ይልካል፤ በዚህም ምክንያት አንጂዮቴንሲን ይበዛል፤ ደም ቅዳም ይጠብባል። እንግዲህ መድኃኒቱ በአንድ በኩል ያወረደውን ግፊት ሰውነት በሌላ በኩል መልሶ ያወጣዋል ማለት ነው። ሁለተኛው መድኃኒት በዚያ በሁለተኛው በር ላይ ሲቆም ግን መመለሻው ይዘጋል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ለዚህም ነገር የተነገረ ይመስላል።

«ታዲያ አንዱን መድኃኒት መጠኑን ከፍ አድርጎ መስጠት አይሻልምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም ተመርምሯል። በ2003 የታተመ፥ 354 ምርመራዎችን ያሰባሰበ ጥናት እንዳሳየው፥ የመድኃኒቱ መጠን በግማሽ ቢቀነስ ግፊትን የማውረድ ኀይሉ የሚቀንሰው በ20 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በ2009 የታተመ ሌላ ጥናትም ከሌላ ወገን የሆነ ሁለተኛ መድኃኒት መጨመር የአንዱን መጠን እጥፍ ከማድረግ አምስት ጊዜ ያህል የበለጠ ግፊትን እንደሚያወርድ አስረድቷል። በሌላ በኩል ብዙዎቹ መድኃኒቶች የሚያመጡት ችግር መጠናቸው ከፍ ሲል ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ መውሰድ አንዱን አብዝቶ ከመውሰድ ለሰውነት ይቀላል እንጂ አይከብድም።

ከዚህም በቀር አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሸፍንበት ጊዜ አለ። አምሎዲፒን በአንዳንድ ሰው ላይ ቍርጭምጭሚትን ያሳብጣል፤ ኤናላፕሪል ሲጨመር ግን እብጠቱ ይቀንሳል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ሲያሳንስ ኤናላፕሪል ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ሚዛኑ ይጠበቃል።

የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማም በአፍሪካ ምድር ተመርምሯል። ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ ከሰሐራ በታች ባሉ ስድስት አገሮች 728 ጥቍር ሕመምተኞች የተካፈሉበት ምርመራ በ2019 ታትሟል። ከስድስት ወር በኋላ አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ኅብረቶች አምሎዲፒን ከሌለበት ኅብረት ይልቅ ግፊትን አብልጠው አወረዱ። የዓለም ጤና ድርጅትም ሁለት መድኃኒት በአንድ ኪኒን የተዋሐደበትን በ2019 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አገባ። በ2021 ባወጣው መመሪያም መድኃኒት ለሚያስፈልጋቸው አዋቂዎች ከመጀመሪያው ኅብረትን፥ ቢቻል በአንድ ኪኒን የተዋሐደውን፥ መከረ። እንግዲህ ሁለት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በሽታው ባይብስም ሊታዘዝለት እንደሚችል ይወቅ።

ሊጠነቀቁት የሚገባ ነገር

ኅብረት መልካም ነው ሲባል ግን ማንም በገዛ እጁ ያስተባብር ማለት አይደለም። ሁሉም መድኃኒት ከሁሉም ጋር አይስማማም። ለምሳሌ ኤናላፕሪልና ሎሳርታን ሁለቱም በአንዱ በአንጂዮቴንሲን መንገድ ላይ የሚሠሩ ስለ ሆኑ አብረው አይወሰዱም፤ ጥቅም ሳይጨምሩ ኩላሊትን ይጎዳሉና። እነዚሁ መድኃኒቶች ፅንስን ስለሚጎዱ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ልትወስዳቸው አይገባም፤ ለእርሷ የሚስማማ ሌላ መድኃኒት ስላለ ሳትውል ሳታድር ለሐኪም ትንገር። ኤናላፕሪልን ሲወስድ ደረቅ ሳል የያዘው ሰው ለሐኪሙ ቢያስታውቅ ይለወጥለታል። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ያበጠ እንደ ሆነ ግን መድኃኒቱን ትቶ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚወሰዱ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ የደም ብዛት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ አይውሰዳቸው። የጎረቤትን ኪኒን ተበድሮ መዋጥም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነ ነገር ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላልና።

የዕለት መድኃኒት በዕለቱ

ብዙ ሰው ግፊቱ 130 በ80 ሆኖ ሲገኝ «ዳንሁ» ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። ግፊቱን ያወረደው ግን መድኃኒቱ ነው። ጣራ ዝናቡን ስለ ከለከለ ጣራውን የሚያፈርስ ሰው አለን? መድኃኒቱ የተተወ እንደ ሆነ ግፊቱ ድምፅ ሳያሰማ ተመልሶ ይወጣል።

በጾም ወራት መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ብዙዎች ናቸው። በ2022 በብሪታንያ የታተመና ከ21,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ምርመራ የግፊትን መድኃኒት በጧት ወይም በማታ መውሰድ ከልብና ከአንጎል አደጋ በመጠበቅ ረገድ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጠውን ኪኒን፥ ክርስቲያኑ ከቅዳሴ በኋላ፥ እስላሙም ካፈጠረ በኋላ እንዲወስደው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር መወሰን ይቻላል። ሽንት የሚያሸናው መድኃኒት በማታ ሲወሰድ እንቅልፍ ስለሚከለክል ስለ እርሱ ለብቻው ይጠየቅ። ጠበል የሚጠመቅም ሰው መድኃኒቱን አብሮ ቢወስድ እምነቱን የሚያጎድልበት ነገር የለም። ገንዘብ ያጠረውም ሰው በድብቅ አንዱን ከመተው ለሐኪሙ ቢገልጽ ዋጋው የሚቀል ኅብረት ሊፈለግለት ይችላል።

መድኃኒቱም ያለ ረዳት አይቅር። በቀን የሚበላው ጨው በጠቅላላው፥ በእንጀራ ወጡና በዳቦው ያለው ተደምሮ፥ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ መልካም ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው የሚገባበት ቤት ይህን ያስብ። በእግር መሄድ፥ መጠጥ መቀነስ፥ ትምባሆም መተው የኪኒኑን ሥራ ያግዛሉ።

ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች

መምህር ሆይ፥ ቃልዎ ከትምህርት ቤቱ አልፎ በየተማሪው ቤት ይደርሳል። አንድ ልጅ «አባዬ፥ ዛሬ መድኃኒትህን ዋጥህ ወይ?» ብሎ መጠየቅን ቢለምድ የሐኪም ምክር በየዕለቱ ተደገመ ማለት ነው። በዕድርና በማኅበር የሚሰበሰቡም ሁሉ፥ ለቀብር የሚሰበሰቡትን ያህል፥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለመለካትም እርስ በርሳቸው ቢቀሳቀሱ መልካም ነው። ዕድሜው 30 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ፥ ምንም ባያመውም፥ በዓመት አንድ ጊዜ ይለካ።

ሁለት መድኃኒት የታዘዘለትም ሰው ሁለቱንም አክብሮ ይያዝ። ከሁለቱ አንዱን ሲተው ግማሽ መድኃኒት ተወ እንጂ ግማሽ በሽታ አልተወም። የቀረውም በሽታ ድምፅ ሳያሰማ ሥራውን ይሠራል፤ የሚሠራውም በልቡ፥ በአንጎሉና በኩላሊቱ ላይ ነው።